አንዴ ብቻ የተጠየቅኩባት ውሻ

ለወፍ አደን የሚሻለው የትኛው የውሻ ዘር ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። በተሰደድኩበት አገር፣ ከቡሪየን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአዳኝ ውሾች ማሠልጠኛ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ማደሪያቸውን እያጠብኩ፣ ኋላም ራሳቸውን እያሠለጠንኩ። ስጀምር የከተማው ባቡር ገና አልተሠራም፤ ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ዘልቄ ነበር የምደርሰው።

እነዚህ ውሾች ወፍ አያባርሩም። ሣር ውስጥ የተደበቀች ድርጭት ከሸተተቻቸው ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ አንድ የፊት እግር ከመሬት ተነሥቶ፣ አፍንጫ ወደ ወፏ ተቀስሮ። አዳኙ ደርሶ ወፏን አስነሥቶ እስኪተኩስ ድረስ ንቅንቅ የለም። ወፏ አፍንጫቸው ሥር ናት፣ ይፈልጓታል፣ ግን አይነኳትም። ሥልጠናው በሙሉ ይኸው ነው።

ዘራቸውንም ከማንም በላይ ለይቼ አውቃለሁ። እንግሊዝ ፖይንተር ሩጫ እንጂ ሰው አይወድም፤ ለቀቅ ካደረግከው ጉብታውን ተሻግሮ ነው የምታገኘው። ሴተሯ ቆንጆ ናት፤ ግን አንድ ሰዓት ሮጣ ከመጣች ከጸጉሯ ላይ ጭጎጎት ስትለቅም ትውላለህ። የጀርመኑ ሾርትሄር ሁሉን ይችላል፣ ውሃም ይገባል፣ ቆስሎ የሸሸ ወፍም ፈልጎ ያመጣል፤ ብቻውን ከተውከው ግን በሩን ይበላዋል። ብሪታኒ ትንሿ ናት፤ ነጭና ብርቱካናማ፣ ከአዳኙ ብዙ የማትርቅ፣ ከተቆጣሃት ቀኑን ሙሉ የምታኮርፍ። ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው የዘር ወሬ ግማሹ ወሬ ብቻ መሆኑ የገባኝ።

ደንበኞቹ ግን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒክአፓቸውን ተደግፈው የኔ ዘር ይበልጣል፣ ያንተ ዘር ፈሪ ነው ይባባላሉ። የውሻውን አያት ቅድመ አያት የሚቆጥር ወረቀት አላቸው፤ እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው። የሰው ዘር ቆጠራ አንገፍግፎኝ አገር የለቀቅኩ ሰው፣ አካፋ ይዤ የውሻ ዘር ሲቆጠር ስሰማ እውል ነበር። አንዳንዴ አካፋውን ሆን ብዬ ሲሚንቶው ላይ አንኳኳለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም።

ብሪታኒዋ የመጣች ጊዜ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የጠመንጃ ድምፅ ስትሰማ መሬት ላይ ተለጥፋ ሽንቷን ትለቃለች። ባለቤቷ አፍሮባት ጥሏት ሄደ። አለቃዬ አንድ ሳምንት ሞከራትና ተወ። «ብሪታኒ እንዲህ ነው፣ ልቡ ስስ ነው» አለኝ።

ተናደድኩ። ውሻዋ አይደለችም ስስ፤ የሆነ ደደብ ሰው ገና ቡችላ ሳለች ጆሮዋ ሥር ተኩሶባት ነው። ለማንም ሳልናገር በራሴ ዘዴ ጀመርኩ። ምግቧን ሳቀርብላት ከማጠቢያው በኩል፣ ሩቅ ሆኜ፣ የብረት ሳፋ በማንኪያ መታ አደርጋለሁ። በማግስቱ ትንሽ ጠጋ ብዬ። ከሳምንት በኋላ አሁንም ጠጋ ብዬ፣ ጠንከር አድርጌ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ሳፋው ሲጮህ ጭራዋን እየቆላች የምትመጣ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ለሷ የትልቅ ሳፋ ድምፅ ነው። በጸደይ ሜዳ ላይ ድርጭት አገኘች፣ ቆመች፣ አለቃዬ ተኮሰ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየህ፣ ብሪታኒ ጎበዝ ዘር ነው!»

እንግዲህ ያቺን ውሻ ፈለግኳት። ውሻ አሳድጌ አላውቅም፣ ውሻ እወዳለሁም ብዬ አላውቅም፤ ያቺን ግን ፈለግኳት። ባለቤቴን ማሳመን ዐቢይ ጾምን ሙሉ ፈጀብኝ።

«ውሻ ቤት ውስጥ? አብደሃል? የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው?»

«ያን ቀን መኪና ውስጥ ትቆያለች።»

«እሺ፣ ልጅቷስ? ገና አሁን መዳህ የጀመረች ልጅ…»

«እሷ ሰው አትነካም። ምላሷን እንጂ ጥርሷን አይቼ አላውቅም።»

በፋሲካ ማግስት እሺ አለች፤ መኝታ ቤት እንዳትገባ ብቻ አስጠነቀቀችኝ። አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋ ከበሩ ጀርባ ያስቀመጠችውም ራሷ ናት። የቀረኝ አለቃዬን መጠየቅ ብቻ ነበር፤ መጠየቁን ግን አፈርኩ። የሰው ንብረት ስጠኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ደግሞም እግዜር ሲረዳኝ ራሱ ጠየቀኝ። አርብ ቀን፣ ከሥራ ስንወጣ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ፦ «ከዚያች ውሻ ጋር ብዙ ለፍተሃል። ትፈልጋታለህ? ላንተ ትሁን» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ከዚያ አንገቴን አቀርቅሬ፣ ፈገግ ብዬ «ኖ ኖ፣ ግድ የለም» አልኩት።

«ኦኬ» አለና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

የኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስንሄድ እናቴ ጭኔን በቁንጥጫ ይዛ «በልቼ ነው የመጣሁት» ታስብለኝ ነበር፤ ረሃብ ሆዴን እየሞረሞረኝ። ባለቤትየው ደግሞ «በሞቴ» ይላል፣ ሁለተኛ «አፈር ስሆን» ይላል፣ ሦስተኛው ላይ እንግዳው ይበላል። ሁሉም ሥራውን ያውቃል።

ቤት ገብቼ ስነግራት ባለቤቴም አልደነገጠችም። «ሰኞ ደግሞ ይጠይቅሃላ» አለች። ቅዳሜና እሁድ ሁለታችንም ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅን ዋልን። እሷማ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ሄዳ የውሻ ሳህን ገዝታ መጣች።

ሰኞ ጠዋት የብሪታኒዋ ማደሪያ ባዶ ነበር። ታጥቦ ደርቋል። ከተራራው ማዶ፣ ቆቅ ከሚታደንበት ደረቅ አገር የመጣ አዳኝ እሁድ ወስዷታል።

«እኔን ሳትጠይቅ?» አልኩ።

«ጠየቅኩህ እኮ» አለ አለቃዬ፣ በቅንነት ተገርሞ። «አልፈልግም አልክ።»

ካፍ የወጣ አፋፍ። እውነት መናገሩ ነው የበለጠ ያበሳጨኝ። ቢዋሸኝ ኖሮ ጠልቼው ይወጣልኝ ነበር። ባለቤቴ ስትሰማ «አንዴ ብቻ ጠይቆ ዝም? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» ብላ ሰደበችው። እኔ ደግሞ ለወራት በሩን እያላተምኩ፣ ሰላምታውን እየዋጥኩ ሠራሁ። የፈሲታ ተቆጢታ ማለት ይኼ ነው። ሰውዬው ምን እንደነካኝ ሳይገባው ደመወዝ ጨመረልኝ፤ እሱንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም ብዬ ፈርቼ ባንዴ እሺ አልኩ።

ሰባት የአደን ወቅት አለፈ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጄን ሥራ ቦታ ይዣት ሄጄ ነበር። ያ አዳኝ ከነፒክአፑ ከች አለ። ከኋላ የወረደችው ያቺው ብሪታኒ ናት። አፏ ዙሪያ ሸብቷል፣ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። ሳፋውን አንሥቼ በማንኪያ አንዴ መታሁት። እየጎተተች መጣችና ጉልበቴ ላይ ተደገፈች። ልጄ ተንበርክካ አንገቷን አቀፈቻት።

ሰውዬው ለአለቃዬ ያወራል፦ «ዳሌዋ ተጎድቷል፣ ዳገት አትወጣም። አሁን ሾርትሄር ነው የምወስደው፤ ብሪታኒ ቶሎ ያረጃል።» ሰባት ዓመት ዓለት ላይ አስሩጧት ሲያበቃ፣ ያረጀው ዘሯ ነው! በሳፋው ራሱን ልለው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ አለና «ለዚች ቤት እየፈለግኩላት ነው። ትፈልጊያታለሽ?» አላት።

ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ዓይኔን አየች።

ዓይኔ ፈጦ ነበር። እምላለሁ፣ አስቤ አይደለም። ሰው ቤት ኬክ ሲቀርብላት፣ ለልደት ብር ሲዘረጋላት፣ በየለቅሶ ቤቱና በየክርስትናው የማፈጥባት ያ ዓይን ራሱ መጥቶ ተደቀነ። እጇን ከውሻዋ አንገት ላይ አነሣች።

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች።

«ኦኬ» አለ ሰውዬው፣ ለውሻዋም አፏጨላት። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ታዝዛ ሄደች። ፒክአፑ ላይ ለመውጣት ሁለቴ ሞክራ አቃታትና አንሥቶ አስገባት። እኔ ሳፋዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የኋላው በር ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ።

ያኔ ሮጥኩ። የመኪናውን ጎን በሳፋው ደበደብኩት። «እፈልጋታለሁ! እኔ! አዎ! እፈልጋታለሁ!» እየጮህኩ ነበር፣ የማደሪያው ውሾች በሙሉ አብረውኝ ጮኹ። ሰውዬው በድንጋጤ ሁለት እጁን አንሥቶ ወረደ።

«ታዲያ ምነው መጀመሪያውኑ አትለኝም ነበር?» አለ።

የኋላውን በር ራሴ ከፍቼ፣ ውሻዋን ታቅፌ ወደ መኪናዬ ወሰድኳት።

አፓርትመንታችን ጋ መኪናውን አቁሜ ውሻዋን አውርጄ፣ ልጄን «ገመዱን ያዢ» አልኳት። አማርኛ እንድትናገር ስንት ዓመት ለምኛታለሁ፣ ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ መልሳልኛለች። አንገቷን አቀረቀረች፣ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው የኔው ነው።

«ግድ የለም» አለች።

ዓይኗ ገመዱ ላይ ነው። ሁለተኛ ጠየቅኳት፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሦስተኛውን ስጠይቃት ጮኼባት ነበር። እጇን የዘረጋችው ያኔ ነው።