አራት ቀን ያለ ስም

ልጄ በተወለደች በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ወጣችና ስሜን ከነአባቴ ጠራች። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ተነሣን።

አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ ከሞጆ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ አነስ የምትል ሴት ናት። የእኔና የእሷ ስም፣ የአባቶቻችንም ስም አንድ መሆኑን ያወቅነው ከሁለት ቀን በፊት ያለብነውን የጡት ወተት ለነርሶቹ ስናስረክብ ነበር፤ ያኔ ስቀንበታል። ሁለታችንም ቀናቸው ያልደረሰ ሴት ልጆች ነው የወለድነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ባሉ ማሞቂያዎች ውስጥ ተኝተዋል። እጃቸው ላይ በተጠመጠመው ነጭ ፕላስተር ላይ የተጻፈውም አንድ ነው፤ የእኛ ስምና «ልጅ» የሚል ቃል።

«የአንዳችሁ ልጅ የደም ውጤት መጥቷል» አለች ሲስተር። «ኢንፌክሽን ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ግን የካርድ ቁጥር አልተጻፈበትም። የማናችሁ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም።»

አጠገቤ የቆመችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። እኔም ያዝኳት።

«ዶክተሩ ለሁለቱም መድኃኒት ይጀመር ብሏል። እንደገና ደም ወስደን በካርድ ቁጥር እንልካለን፤ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በእናት ስም አልሠራም። ውጤቱ ሲመለስ ፕላስተራቸው ላይ የየራሳቸው ስም ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።»

የሞጆዋ ሴት አላመነታችም። እዚያው ቆማ የልጇን ስም ተናገረች፤ ሲስተርም መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የአንቺስ?»

«አላወጣንላትም።»

«እስከ ከሰዓት ጊዜ አላችሁ» ብላ ተመለሰች።

ለምን ስም እንዳላወጣንላት ለመናገር ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። የመጀመሪያ ልጃችንም ሴት ነበረች። ስሟን ያወጣላት ባለቤቴ ነው፤ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች። ዱከም ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ማታ ከሰርቪስ ወርዶ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሆዴ ላይ ጎንበስ ብሎ በስሟ ይጠራት ነበር። ተወለደችና ሦስት ቀን ኖረች። ከቀበርናት በኋላ ያ ስም ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። አንድ ጎረቤታችን ለማጽናናት ስትመጣ አፏ ላይ መጥቶ ግማሹ ላይ ስታቆመው አስታውሳለሁ።

ሁለተኛዋን ስጸንስ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ቤት ይዘናት እስክንገባ ስም አናወጣላትም» አልኩት። እሺ አለኝ። የሃይስኩል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስም ያወጣንለት ልጅ ይሞታል ብሎ የሚነግረኝ ተማሪ ቢኖር ረጋ ብዬ አስረዳው ነበር። ለራሴ ግን ማስረዳት አቃተኝ።

የዚያን ቀን ሁለቱ አያቶች ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበሩ። እናቴ እዚሁ አዳማ ነው የምትኖረው፤ ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የባለቤቴ እናት ባለፈው ቀን ከሻሸመኔ ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። እንደ ልጃቸው እኔም በኦሮምኛ «አዮ»፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ነገሩን ስነግራቸው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣

«ዋናው ስም ክርስትና ስትነሣ የሚሰጣት ነው። ለአሁኑ የማርያም ስም ያለበት ይጻፍላትና እመቤታችን ትጠብቃት» አለች።

«ክርስትና ትነሣለች ያለው ማነው?» አሉ አዮ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ባለቤቴም እዚያው ቤት ነው ያደገው። «የእናቴ ስም አለ። ትርጉሙም ብርሃን ነው። አባቷ ኦሮሞ ነው፤ ስሟን የሚሰማ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።»

«እናቷስ የማን ልጅ ናት?»

«የእርስዎ ናት። ማን ካደ?»

በተጋባን ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲነጋገሩ አልሰማኋቸውም። ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። ልጄ ምናልባት በደሟ ውስጥ የሚገድላት ነገር ይዛ ተኝታለች፤ እነሱ ስለ ሰማንያ ቀን ክርስትናዋ ያወራሉ። ጥያቸው ወጣሁና ለባለቤቴ ደወልኩ።

ከሥራ አስፈቅዶ መንገድ ጀምሯል፤ የሚኒባሱ ጫጫታ ይሰማኛል። የተፈጠረውን ነገርኩት። 

«አለህ?»

«አለሁ። የመጀመሪያዋን ስም ብንሰጣትስ?»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ምን አልክ?»

«ስሙ ቆንጆ ነው። ማንም ሳይጠራበት ቀረ።»

«ተጠርቶበታል» አልኩት። «እሷ ተጠርታበታለች።» ስልኩን ዘጋሁበት። ግድግዳው ሥር ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

አዮ ተከትለውኝ መጥተው ኖሮ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ እናታቸው ስም ሊያነሡ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

«ከባልሽ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ» አሉ። «ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

«እሱ ሲወለድ ስም አላወጣሁለትም። እስኪራመድ ድረስ ‹ልጁ› ነበር የምለው። ስም ካልሰጠሁት ሞቱ አይጎዳኝም ብዬ ነው። አንድ ቀን ትኩሳት ያዘውና ጤና ጣቢያ ይዤው ሮጥኩ። ስሙን ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ሰው ሁሉ የሰው ልጅ ሰርቄ የመጣሁ መስሎት አየኝ። ፍርሃቱ ግን ያው ነበር። አንድም ቀን አልቀነሰልኝም።»

«ከዚያስ?»

«እዚያው ቆሜ አወጣሁለት። በሩ ላይ ተረኛ የነበረው ዘበኛ ስም ነው።» አልሳቁም። «አንቺ በልብሽ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?»

«ምንም» አልኩ። ዋሸኋቸው። በመጀመሪያው ቀን በማሞቂያው መስታወት በኩል ሳያት አንድ ስም መጥቶብኝ ነበር። ሲመጣብኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ሳባርረው አራት ቀን አለፈኝ። ስሙን እዚህም አልጽፈውም፤ የራሷ ስለሆነ። ሁለት ፊደል ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም አፍ ላይ አይከብድም።

ባለቤቴ ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ጋ ቆምን። ሰላም አልተባባልንም።

«ሐሳብህ ሊገባኝ አልቻለም» አልኩት። «እሷን በእሷ ልትተካ ነው?»

«ልተካ አይደለም።»

«ታዲያ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ፊት ስሟን አልጠራሁም። ብጠራው ትሰበሪያለሽ ብዬ። ብቻዬን ስሆን፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በልቤ እለዋለሁ። አሁንማ አጠራሩ ራሱ እየጠፋብኝ ነው። ለዚችኛዋ ብንሰጣት ጮክ ብዬ እጠራው ነበር።»

ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በቀብሩ ቀን እንኳ ድንኳኑን ሲያስተካክል፣ ወንበር ሲደረድር ነበር የዋለው። እኔ እንዳልረበሽ ብሎ እሱ ብቻውን ተሸክሞት እንደኖረ ሲገባኝ ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም።

«ጥራው» አልኩት። «አሁን ጥራው።»

ጠራው። እኔም ጠራሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ግን አልወደቅሁም።

«ይኼ የእሷ ነው» አልኩት። «ለዚችኛዋ ሌላ አለኝ።» እና ሁለቱን ፊደል ጆሮው ላይ ነገርኩት። ደጋግሞ ለራሱ አለው። ቀና ብሎ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። «ከመጀመሪያው ቀን» አልኩት።

ሲስተርን አስጠርተን ነገርናት። ፕላስተር ቆርጣ በጥቁር እስክሪብቶ ጻፈችበትና ገባች። በመስታወቱ በኩል አሮጌውን ስታነሣና አዲሱን ስትጠመጥም አየናት። የልጄ እጅ ከነርሷ አውራ ጣት ብዙም አይበልጥም ነበር።

ውጤቱ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ሲስተር በዚህ ጊዜ እኛን አልጠራችም፤ የልጆቹን ስም ነው የጠራችው። የእኔ ልጅ ደም ንጹሕ ነው። ኢንፌክሽኑ ያለው የሞጆዋ ሴት ልጅ ላይ ነው።

በረጅሙ ተነፈስኩ። ድምፁ ጎልቶ ተሰማ። ወዲያው ያቺ ሴት አጠገቤ እንዳለች ትዝ አለኝ። እያየችኝ ነበር። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።  እሷ ናት ቀድማ «እንኳን ደስ አለሽ» ያለችኝ። አግዳሚው ላይ አብሬያት ተቀምጬ እቅፍ አደረግኋትና እስክትረጋጋ ድረስ አልለቀቅኋትም።

እኛ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣን። የእሷ ልጅ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ክብደት ጨምራ እስክትወጣ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እየተመላለስኩ እጠይቃት ነበር። ዛሬም በበዓል እንደዋወላለን።

አያቶቹ ስሙን ሲሰሙ አንዳቸውም አልተደሰቱም። ለእናቴ ስሙ አጠር አለባት። አዮ «ይሁን» ብለው እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁ። ስለ ክርስትናው በኋላ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ሁለቱ ለጥቂት ወራት ተኮራርፈዋል። አሁን እናቴ በመረጠችላት፣ አዮም በመረጡላት ስም በየቤታቸው ይጠሯታል። ልጅቷ ለሁሉም «አቤት» ትላለች።

አራት ዓመት ሆናት። ባለፈው ክረምት፣ ምሳ እየበላን ሳለ፣ እህት እንደነበረቻት ነገርናት። ስሟ ማን እንደሆነ ጠየቀችን። አባቷ ነገራት። ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሷ ደጋግማ አለችው፤ አንዱን ፊደል ግን አጣመመችው። አባቷ አላረማትም። ከዚያ እጇን ታጥባ ልትጫወት ወደ ግቢ ወጣች።