የብርጓል ጥያቄ

የብርጓልን የሚያውቃት ሁሉ ዝምተኛ ነች ይላል። ዝምተኛስ አይደለችም። ስትጠይቅ ሰው ስለሳቀባት ጥያቄዋን መዋጥ የለመደች ሴት ነች እንጂ። ልማዱ የያዛት በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ አንድ ዘመድ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ «ልጅቷን ስጡኝ፤ ቀን ታግዘናለች፣ ማታ ትማራለች» ብሎ ወሰዳት። የማታው ትምህርት «ለከርሞ» እየተባለ አምስት ዓመት አለፈ። የብርጓል ትምህርት ቤት የምታውቀው በበሩ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የቤቱን ልጆች ምሳ ዕቃ ይዛ ትሄድና ለዘበኛው ሰጥታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ልጆቹ ሲገቡ ጠብቃ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብትላቸው ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ የሠራተኛ ጥያቄ ስላልመሰላቸው ነው የሳቁት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

አሁን ከሉማሜ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ትልቋ ወንጌላዊት ስምንተኛ ክፍልን በጀመረች በሁለተኛው ወር ጊዜው ከፋና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰው መጀመሪያ «ለሳምንት ነው» አለ፣ ቀጥሎ «እስከ ገና ነው» አለ፣ ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሩንም ተወ። ዓመቱ አልፎ ሌላው ሲተካ ወንጌላዊት መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ቆጥ ላይ አስቀመጠቻቸው። ትንሿ ዜማ ደግሞ ሰባት ዓመት ሞልቷት የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም።

በመስከረም የባሏ የውበቱ ታላቅ እህት ታየች ከአዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ መጣች። ሦስት ቀን ሰንብታ፣ በአራተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ፣ «ወንጌላዊትን ስጡኝ። እዚህ ተቀምጣ ምን ትሆናለች? ቀን ታግዘኛለች፣ ማታ ትማራለች» አለች። ቃል በቃል ያው ነው። ታየች ክፉ ሰው አይደለችም፤ የማርቆሶቹም ክፉ አልነበሩም። የብርጓል የያዘችውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጠችው።

«እውነቷን እኮ ነው» አለ ውበቱ።

«ለምን እዚሁ አትማርም?» አለች የብርጓል። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ማን ያስተምራታል?»

«አንተ።»

ውበቱ ሳቀ። ሰባት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊቱን ጨርሶ፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይዞ፣ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓ እየተማረ ሳለ አባቱ ሞቱና ሞፈር ጨብጦ ቀረ። «የእኔ ትምህርትና የእሷ ትምህርት የት ይገናኛል?» አላት።

«ፊደሉ አንድ አይደለም ወይ?»

በመጨረሻ ውበቱ ከእህቱ ጋር ቃል ተጋባ፦ ወንጌላዊት በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። ካለፈች አትሄድም። ከወደቀች በሐምሌ ታየች መጥታ ትወስዳታለች። ውበቱ ቃሉን ከሰጠ ደግሞ አያጥፍም፤ ይህን የብርጓል ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ለዚህም ነው የፈራችው።

ውበቱ እንግዲህ በተማረበት መንገድ ማስተማር ጀመረ። እሱ የሚያውቀው ትምህርት አንድ ነው፤ መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ በቃሉ ሳይወጣው ወደ ሚቀጥለው አያልፍም። የኅብረተሰብ ትምህርቱን መጽሐፍ ከከረጢቱ አወጣና ከገጽ አንድ ተነሣ። ጠዋት ከብት ከመውጣቱ በፊት አዲሱን ታነባለች፤ በአውድማው ላይ በሬዎቹ ሲያበራዩ የትናንቱን ትደግማለች። አንዲት ቃል ብትጎድል «ከላይ!» ይላል፤ ምዕራፉ እንደ ገና ከራሱ ይጀመራል። ሒሳቡ በቃል አልያዝ ብሎ ሲያበሳጨው ከረመ እንጂ ሌላው ሁሉ ሰተት ብሎ ገባ። እስከ ጥምቀት አራት ምዕራፍ፣ እስከ ዓቢይ ጾም አጋማሽ መጽሐፉ በሙሉ አለቀ። አለቀ ማለት በእውነት አለቀ ነው። «ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» የሚለው ሳይቀር፣ «በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ» የሚለው ሳይቀር ተይዟል። ዜማ ራሷ እየዘለለች «ገጽ አርባ ሁለት! የመልመጃ ጥያቄዎች!» ትል ነበር። ጥያቄዎቹም እንዳሉ ተሸምድደዋል፤ መልሳቸውን ያሰበ ግን የለም፣ መጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈማ።

የብርጓልም ጤፍ ስታበጥር ይህን ሁሉ ሰምታ ብዙውን በቃሏ ያዘች። ልጇ በገበያ ጎዳና ሳታቋርጥ ስትደግም ጎረቤት ቆሞ ይሰማል። እናት ኮራች። ሐምሌ ይምጣ፣ ታየችም ትምጣ አለች በልቧ።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ መምህር ገዳሙን ሉማሜ ገበያ አገኟቸው። የተዘጋው ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ወደ ማርቆስ ሄደው የሚያስተምሩ ሲሆን የዚያን ቀን የመጡት በግል የሚፈተኑ ልጆችን ሊመዘግቡ ነው። ውበቱ ደስ ብሎት «ይጠይቋት፣ መምህር፤ ከፈለጉበት ይጠይቋት» አለ።

«እሺ። ወንጌላዊት፣ ደጋና ቆላ ሙቀታቸው ለምን ይለያያል?»

«ምዕራፍ ሦስት፣ የአየር ንብረት፣ መግቢያ» ብላ ተነሣች። መምህሩ በእጃቸው አቆሟት። መሐሉን ብቻ እንድትነግራቸው፣ በራሷ አነጋገር እንድትነግራቸው ለመኗት። ወንጌላዊት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያም «ምዕራፍ ሦስት…» አለች ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ከራሱ ካልጀመረች አይመጣላትም።

መምህር ገዳሙ አልሳቁም፤ የብርጓል ለዚህ ሁልጊዜ ታመሰግናቸዋለች። ልጅቷን መዘገቧትና ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሰጧት። ከዚያ ውበቱን ፈቀቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ «ጋሼ ውበቱ፣ እንዲህ መያዟ ትልቅ ነገር ነው። ፈተናው ግን ድገሚ አይላትም፤ ለምን ይላታል» አሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ውበቱ መጽሐፉን አላነሣም። አሳፈርኳት ብሎ ነው፤ በሬ ጠምዶ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ወንጌላዊት ልብሷን አጥባ ማጣጠፍ ጀመረች። እናቷ ያቺን የታጠፈች ልብስ ባየች ቁጥር ሐምሌ ስንት ቀን እንደቀረው ትቆጥራለች።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ አራቱም ማሳውን ሊያዩ ወጡ። ውሃ እንዲወርድበት ውበቱ በየዓመቱ በማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ጉልበት አልፎ ጠልቋል፤ ከታች መንገዱ ላይ የነሱ አፈር ተቆልሏል። ወንጌላዊት ከልማድ የተነሣ ለራሷ ታጉተመትማለች፦ «ለአፈር መሸርሸር ምክንያት ከሆኑት አንዱ መሬትን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ማረስ ነው…»

የብርጓል ፈሰሱን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። ጥያቄ መጣባት፤ እንደ ሁልጊዜው ልትውጠው ነበር። የታጠፈችው ልብስ ትዝ አላት።

«ልጄ፣ ወደ ቁልቁለቱ ማለት እንዲህ ነው?» አለች በእጇ እያሳየች። «ይሄ መጽሐፉ የሚለው ማሳ የማን ነው?»

ወንጌላዊት ከምዕራፉ ራስ ልትነሣ አፏን ከፈተች። ፈሰሱን አየች። አባቷን አየች።

«የእኛ ነው፣ እማ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ውበቱ ወርዶ ፈሰሱ ውስጥ ቆመና ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚያወጣው» አለ። ቀና ሲል ፊቱ ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ብሏል። «ጉድ እኮ ነው። እኛ እስካሁን ንባብ ቤት ነበርን። ንባቡን የጨረሰ፣ ዜማና ቅኔውን አልፎ፣ ወደ ትርጓሜ ቤት ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ምን ማለት ነው እየተባለ ይውላል። እኔ ሳልደርስበት ስለቀረሁ ትምህርት በቃል መያዝ ላይ የሚያልቅ መሰለኝ።» ሚስቱን አያት። «አንቺ ጠይቂ። ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

በማግሥቱ ፈሰሱን አግድም ሊያወጡ አራቱም ወጡ። ወንጌላዊት የቁልቁለቱን ማዕዘን በገመድና በችካል ስትለካ ያ በቃል አልያዝ ያለው ሒሳብ እግረ መንገዱን ገባት። ውበቱ ድንጋይ ደረደረ፤ ዜማ ድንጋዩን ስትቆጥር መደመር ለመደች። የብርጓልም ጠየቀች። ኧረ ስንቱን ጠየቀች! የሃያ አምስት ዓመት ውዝፍ ነው የወጣው። ደጋው ወደ ፀሐይ የቀረበ ሆኖ ሳለ ለምን ይበርዳል? ዓባይ ከእኛ አገር ወጥቶ ለምን ወደ እኛ አይመለስም? ሕገ መንግሥት የሚባለውን ማን ቁጭ ብሎ ጻፈው? ወንጌላዊት ያወቀችውን ትመልሳለች፤ ያላወቀችውን አባቷ በቃል ካስያዛት ውስጥ ፈልጋ ታወጣለች። ሁሉም እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ በጎተራ እንዳለ እህል የሚዝቀው ሰው ነበር ያጣው። ማታ ማታ ሳይሆን በየማለዳው የብርጓል ራሷ በዜማ ጎን ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሏል፤ እስከ ሰኔ የሁለቱንም ልጆቿን ስም ጻፈች።

ለፈተናው እናትና ልጅ ማርቆስ ሄዱ። የመፈተኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርሱ የብርጓል ቀጥ ብላ ቆመች። ቀለሙ ተቀይሯል እንጂ ያው በር ነው። ወንጌላዊት ገባች። እናቷ ምሳ የቋጠረችበትን ጨርቅ ይዛ ከውጭ ግንቡን ተደግፋ ቀረች፤ ዘበኛው ሌላ ሰው ነው። እዚያ ቆማ ትንሽ አለቀሰች። ሐዘን አልነበረም፤ በዚያ በር የሷ የሆነ ሰው ሲገባ አይታ ስለማታውቅ ነው።

ውጤቱን መምህር ገዳሙ በስልክ ነገሯቸው። አልፋለች። ታየች ስትሰማ «እልል» አለችና ለወንጌላዊት ቦርሳ ላከች። ውበቱ ግን ያልታሰበውን ነገር አነሣ፦ ያልተዘጋ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ማርቆስ ብቻ ነው። ልጅቷ እንዳትሄድ ብለው ዓመት የደከሙላት፣ ልትሄድ ነው። የብርጓል ሳቀችም፣ ከፋትም። ከደብረ ኤልያስ ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየችላት፣ ስንቋን አዘጋጀች፣ ሉማሜ ድረስ ሸኘቻት። እሷን በአሥራ አንድ ዓመቷ ሲሸኟት እናቷ «ሰው እንዳታስቸግሪ» ነበር ያሏት። ልጇን አቅፋ «ያልገባሽን ጠይቂ፤ ቢስቁብሽም ጠይቂ» አለቻት።

ትምህርት በተጀመረ የመጀመሪያው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የብርጓል በውበቱ ስልክ ደወለችላት። በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ብርድ እንዳለ ጠየቀቻት። ከዚያ፣

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለቻት።

ወንጌላዊት ከመሐሉ ጀምራ ነገረቻት።