ዓባይነህ ሽጉጥ የገዛ ሰሞን

ዓባይነህን ያወቅሁት ሮም ውስጥ ስደተኞች በሰፈሩበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ ነው። እኔ እዚያ የኖርኩት አንድ ክረምት ብቻ ሲሆን እሱ አምስት ዓመት ከርሟል። የጎጃም ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ቧንቧ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነበር፤ ጠብ ሲነሳ ግን የትም አይገኝም። ፈሪ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። እኔ አበራሽ ደግሞ ቀልድ ከተጀመረ አፌ አያርፍም።

ምክንያቱን የነገረኝ ኋላ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱን በእርሻ ወሰን ጠብ ጎረቤታቸው ገደለው። እናቱ ያኔ እርጉዝ ነበሩ። የተወለደው ወንድ ሲሆን ዘመድ ሁሉ «ደመላሽ ይባል» አለ፤ እሳቸው እንቢ ብለው ይሁኔ አሉት። ዓባይነህ ሃያ ዓመት ሲሞላው አጎቱ የአባቱን ጠመንጃ ወልውሎ አመጣና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ማስቀመጡ ይበቃል። በሳምንቱ እናቱ ስንቅ ቋጥረው፣ እንዳትገድልም እንዳትሞትም ሂድልኝ ብለው ሸኙት። በሱዳንና በሊቢያ ተንከራትቶ ሮም የገባው ጠመንጃ ሸሽቶ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላ የኢጣሊያ ዜግነት አግኝቶ የታጠቀ ጥበቃ፣ ጓርዲያ ጁራታ የሚሉትን፣ ልሆን ነው ያለኝ። ሳቅሁበት። እሱ ግን ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ የቲማቲም ሣጥን ሲሸከም ወገቡ አልቆ ነበር፤ የጥበቃው ሥራ ደግሞ ቋሚ ኮንትራት አለው። ፈተናውን አለፈ፣ ተኩሱን አለፈ፣ ፈቃዱ ወጣ። የቀረው ሽጉጥ ነው፤ እዚህ አገር ጠባቂ መሣሪያውን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ድርጅቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ጆቫኒ አለፍ ብሎ ወዳለ የጦር መሣሪያ መሸጫ አብረን ሄድን። ብቻውን መግባት አፍሮ ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፤ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፈው ሁለት ሽጉጥ አስቀመጡለት። አንደኛው አዲስ፣ ጥቁር፣ እጀታው ፕላስቲክ፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ጥይት ይጎርሳል፣ ዋጋው ግን ከበጀቱ ያልፋል። ሌላው ያገለገለ፣ ሙሉ ብረት፣ እጀታው እንጨት፣ ቅርጹ እንደ ድሮ ኮልት ነው። ይህኛው ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ይከብዳል፣ የሚጎርሰውም ትንሽ ነው። ቢሆንም ሽማግሌው ለጀማሪ አይከፋም አሉ፤ ክብደቱ የተኩሱን ግፊት ስለሚያበርደው እጅ አያናውጥም። ዋጋውም ከኪሱ ጋር ይስማማል።

ዓባይነህ የሰው ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ሰዓት አለፈ። ተቀጥሬ የምጦራቸው አሮጊት መድኃኒት መዋጫ ሰዓት ደርሷል፤ ትዕግሥቴ አለቀ። ያን ጊዜ ነው እግዜር አፌን በዘጋው ኖሮ የምለውን ያልኩት።

«የሚያውቅ ሰው ጠይቅና ገላግለን። አጎትህ መሣሪያ ያውቅ የለ?»

አመነታ። «ይተዉኝ» ቢለኝ እተወው ነበር፤ ግን እንደ ታላቅ እህቱ ነው የሚያከብረኝ። ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ፣ ብረቱን አስያዝኩት፣ ፈገግ በል አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሳይሸፍን ሳቀ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የላክሁትም እኔ ነኝ። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፤ ሽጉጥ ለእኔ እንደማንኛውም ዕቃ ነው። እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የነበረበት ደግሞ እሱ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሮም መኖር አሳስቶት እንደሁ እንጃ።

የአጎቱ መልስ ወዲያው መጣ። ብረቱን ያዝ፣ ፕላስቲክ የልጅ መጫወቻ ነው ይላል። ቀጥሎም «እግዜር ያክብርህ ልጄ። አላሳፈርከኝም።» ምርቃት መስሎን አሜን አልን። አሎራ፣ እንግዲህ ብረቱ ተገዛ።

አገር ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት የተደከመበት እርቅ ሊያልቅ ነበር። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወጥቶ አርጅቷል። ለኅዳር ሚካኤል ድንጋይ ተሸክሞ፣ ልጆቹን አስከትሎ ከዓባይነህ እናት እግር ላይ ሊወድቅ፣ ካሳ ሊቆረጥ፣ ደሙ ሊደርቅ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው አጎትየው ፎቶውን ገበያ ላይ ያሳየው። ከስልክ ስልክ ዞረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገዳዩ ልጆች ለሽማግሌዎቹ፣ የሟች ትልቁ ልጅ ሽጉጥ መርጦ እየሳቀ ነው፤ እኛ ድንጋይ ተሸክመን አንገታችንን ልንሰጠው ነወይ አሉ። በሳምንቱ ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው ክላሽ ገዙ። ይሁኔ ፈርቶ ወንዝ ማዶ ያለውን እርሻ ማረስ ተወ።

ዓባይነህ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ለሁሉም ደወለ። የሥራ መሣሪያ መሆኑን ያልማለለት ሰው የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቁት። ምግብ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ነው አላቸው።

«ልጄ» አሉት፣ «ሽንኩርት ለመጠበቅ ዱላ ይበቃል።»

ትኬት ቁረጥና ሄደህ አስረዳቸው አልኩት። ብሄድ ሊገድል መጣ ይላሉ፣ ብቀር ቀን እየቆጠረ ነው ይላሉ አለኝ።  

በማግስቱ ሽጉጡን ሊመልስ ተነሳ። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፤ ሥራህ እኮ ነው አልኩት። አልሰማኝም። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቁ በቅናሽ ወሰዱለት። ሽጉጥ የሌለው ጠባቂ የለምና ድርጅቱም ሌላ ሰው ቀጠረ። ከሱቁ በር ላይ ባዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመና ፎቶ አንሺኝ አለኝ። «አንሺኝ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። አነሳሁት። ይህን ፎቶም ለአጎቱ ላክን።

«ብልህ ነህ» ብሎ መለሰ አጎትየው። «እኛም ሽጦታል ብለን አስወርተናል። ይዘናጉ።»

ኅዳር ሚካኤል መጣ። ዓባይነህ ወደ ሣጥን ተሸካሚነቱ ተመልሷል፤ የዚያን ቀን ግን አስፈቅዶ ቀረና እኔ ዘንድ ዋለ። እናቱ ድንጋይ የሚሸከመውን ሰው ለመቀበል ደጃቸውን አስጠርገው ሲጠብቁ ውለዋል። ማንም አልመጣም። ማምሻውን ራሳቸው ደወሉ። ወገቡ አላስችል ብሎት ጋደም ስላለ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ሽጉጡን መለሰው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እናታለም። የለኝም።»

 ከኋላቸው ከብት ሲገባ ይሰማል።

«ለሌላው እንዲህ በል። እኔ ወልጄሃለሁ።»

ማለ። በሚካኤል ማለ፣ በአባቱ አጥንት ማለ። እኔም ገብቼ ማልኩ፤ ማን እንደሆንኩም አልጠየቁኝ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልከለክልህም፤ ደክሞኛል። ግን ቀኑን ብቻ ንገረኝ። ከዚያ በፊት ይሁኔን ወደ እህቴ አገር ላሽሸው።»

ዓባይነህ እኔን አየኝ። ቀን ቢኖረው ይነግራቸው ነበር። «ቀን የለም እናታለም» አለ። እሳቸውም እሺ ልጄ ብለው ስልኩን ዘጉት፤ በማግስቱ ይሁኔ እንደተለመደው ወንዙን ሳይሻገር የቅርቡን ማሳ ብቻ ሲያርስ ዋለ።