ሰማያዊው የወረቀት አበባ

ስልኬ ላይ ወረቀት ጠቅልሎ አበባ መሥራት ለጀማሪዎች የሚል ቪዲዮ በመጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጅቷ ጥፍሯን ተቀብታ፣ በየቀለሙ የተቆረጠ ወረቀት ደርድራ፣ መጠቅለያው ከነእጀታው ተገዝቶላት «በጣም ቀላል ነው» ትላለች። ሁሉ ነገር ተቆርጦ ከቀረበልሽማ ምን ይከብድሻል። እኛ ሰቆጣ ስንጀምር መጠቅለያችን ጫፉ የተሰነጠቀ የመጥረጊያ ስንጥር ነበር። ማጣበቂያችን በውሃ የተዘፈዘፈ የግራር ሙጫ። ወረቀቱ ግን ጣጣ አመጣ።

ያስጀመረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጬ፣ ባጃጅ ልነዳ ነው እያልኩ ቤት ተጎልቻለሁ። እሷ ኮሌጅ ገብታ የሕፃናት መምህርነት ትማራለች። የመጨረሻው ፈተናዋ ሕፃናት ፊት ቆማ፣ በእጇ በሠራችው ነገር ቅርፆችን ማስተማር ነበር። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። አባቴ ደግሞ ከደገምሽ ይበቃሻል፣ ትዳርሽን ትይዣለሽ ብለዋታል። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ከሰዓት ከሰዓት በራችን ላይ ቁጭ ብለን ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ እንሸረክታለን። ጫፉን ስንጥሩ ውስጥ ሻጥ ታደርግና ታዞረዋለህ። አጥብቀህ ካጣበቅኸው የአበባ መሃል ይወጣዋል። ለቀቅ አድርገህ አንድ ጎኑን ቆንጠጥ ካደረግኸው እንባ ይሆናል፣ ሁለቱን ጎን ከቆነጠጥኸው ዓይን። አምስት እንባ ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም አበባ ነው። እኔ ስቸኩል ይተረተርብኛል። «ጣትህም እንደ ምላስህ ልቅ ነው» ትለኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ ብሎ የሚሰድበኝ ሰው ቢገኝ ምናለ።

ያን ሰሞን የወልድያ መንገድ ተዘግቶ ሱቁ ሁሉ ባዶ ነው። ቢጫ ከብስኩት ካርቶን አገኘን። ሰማያዊ ግን የለም፤ እህቴ ደግሞ አበባው ሰማያዊ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቤታችን ውስጥ ሥዕል ያለበት ወረቀት አይጣልም። ዓመቱ ያለፈበት የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ግድግዳው ላይ ይኖራል፤ አይቀደድም፣ አይቃጠልም፣ ዕቃ አይጠቀለልበትም። እኔ ሆዬ ከሥር ያለውን መዥረጥ አደረግሁት። የእመቤታችን መጎናጸፊያ እንዴት ያለ ሰማያዊ መሰላችሁ። ፊቷንና ልጇን ሳልነካ ዙሪያውን ልብሱን ብቻ ቆረጥኩ። ፊት ካልተነካ ኃጢአት የለውም ብዬ በገዛ ራሴ ፈረድኩ። እህቴ ከየት አመጣኸው አላለችም። የጠረጠረች ይመስለኛል፣ ማወቅ ግን አልፈለገችም።

አበባው ካርቶን ላይ ተለጥፎ አለቀ። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ አነሱት፣ አገላብጠው አዩት፣ ደስ ብሏቸው ፈገግ አሉ። ቀጥሎ አንዱ ጥቅል ላይ የእመቤታችንን ልብስ የወርቅ ቀለም ጥልፍ አዩ።

«ፊቷ የት አለ?» አሉኝ።

«አልነካሁትም አባ፣ ልብሷን ብቻ ነው።»

«እናትህን ልብሷን ብቻ ቢገፏት ዝም ትላለህ?»

መሬት ላይ የወደቀችውን ብጣሽ ሁሉ በጉልበቴ እየዳህኩ አስለቀሙኝ፣ ከዚያ አርባ ስገድ አሉኝ። እናቴ ጓዳ ሆና በኽምጥኛ ታጉረመርማለች። እሷ ስትናደድ አማርኛዋን ትተዋለች። እህቴ አባ ለነገ ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ ከፈተናው መልሼ አመጣዋለሁ ብላ ለመነች። እሳቸው የሕፃን እጅ የሚያሻሸው፣ እግር የሚረግጠው ነገር አይሆንም ብለው አበባውን ከነካርቶኑ ነጭ ነጠላ ውስጥ ጠቅልለው ከመጻሕፍታቸው ጋር አስቀመጡት።

እህቴ አላለቀሰችም። ደብተሯን አወጣች፣ ያልተጻፈበትን ሉህ ገንጥላ መቁረጥ ጀመረች። እኔም ስግደቴን ጨርሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የኔ ጥቅል ይተረተራል፣ የሷም እጇ እየቸኮለ ይተረተራል። አባቴ ቆመው ያዩናል። ቆይተው ተቀመጡና አንድ ወረቀት ሳቡ። ስንጥሩንም አልፈለጉት። ዕድሜ ልካቸውን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲጠቀልሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀቷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ክርር አደረጓት፣ ጠጠር መሰለች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኛ አንድ ስንጨርስ እሳቸው አራት። ሳይመሽ ጨረስነው፣ ክቡ፣ እንባው፣ ዓይኑ፣ ሁሉም ነጭ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትበረታ እህቴ ከፈተናው ተመለሰች። ገና ከበሩ ሳትደርስ እናቴ ፊቷን አይታ እልል አለች። ፈታኟ ለምን ቀለም የለውም ብላ ጠይቃት ነበር አሉ። እህቴም ልጆቹ ቅርፁን እንጂ ቀለሙን እንዳያዩ ነው ብላ ደረቅ ውሸት ዋሸች። አለፈች። ዛሬ ፃግብጂ ወረዳ ታስተምራለች፤ በዓል ካልሆነ አንገናኝም።

አባቴ ያኔ እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም። «ልጆቹ የኔን ጥቅል አዩት?» አሉ።

«አንዷ ልጅ ወስዳብኝ ቀረች አባ። አልመልስም ብላ።»

«እንግዲህ ይሁንላት» አሉ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወጡ። ወዲያው አጥሩ ሥር ለጎረቤታችን ለዲያቆኑ ጧፍ መጠቅለል ያልለመደ እጅ ወረቀት አይችልም እያሉ ሲያስረዱት ሰማሁ።