አባባ ያንኳኳው ቧንቧ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን፣ ከውሃው ቀድሞ አየሩ በቧንቧው ውስጥ ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም የአቃቂው ቤታችን ሻወር ቤት፣ እርጥቡ ሲሚንቶና የአባቴ የበር ቁልፍ ተያይዘው ይመጡብኛል።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ግድግዳው ውስጥ ያለው አሮጌ የብረት ቧንቧ ዝጎ አፈሰሰ፣ ውሃውም እንደ ሻይ ቀልቶ እየወረደ የትምህርት ቤት ሸሚዜን ሳይቀር አበላሸው። እናቴ በፕላስቲክ ይቀየር አለች፤ አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሠራ ሰው ስለነበር፣ ፕላስቲክ ሲባል እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር። «የዛገው ድሮውንም ቀሽም ብረት ስለሆነ ነው» ብሎ ደህና ደህናውን መርጦ ገዛ፣ ከሥራ ሲመለስም ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ በየጫፋቸው የመገጣጠሚያ ጥርስ እያወጣ፣ እያንዳንዱን በበር ቁልፍ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። እናቴ ይህን እያየች ትብከነከን ነበር፤ ያን ሰሞን ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር።

መስከረም እንደጠባ ቧንቧ ሠራተኛው ሰይድ መጣ። አባቴ ወደ ሥራ ሲወጣ «ቆመሽ እዪልኝ፤ አንቺን ነው የምጠይቀው» አለኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ኩራቴ ለጉድ ነው። እሱ መታጠፊያውን እንዳለፈ ግን እናቴ ከአልጋ ስር የፕላስቲክ ቧንቧ ጎትታ አወጣች።

«ግድግዳው ውስጥ ይሄን ቅበርልኝ፤ ወደ ውጭ ብቅ የምትለዋ ብቻ ብረት ትሁን።»

«እትዬ፣ ኋላ ጋሼ ቢደርሱበትስ?» አላት ሰይድ።

«እኔ አለሁ» አለችውና ወደ እኔ ዞረች፦ «ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ብረቶቹ ጎረቤት ጓሮ ተደበቁ፣ ግድግዳውም ከሰዓት በኋላ ተለሰነ።

ሐሙስ የውሃ ተራችን ነበር። ቧንቧው አፏጨ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። አባቴ ቁልፉን አውጥቶ ከግድግዳው ብቅ ያለችውን ብረት አንኳኳ። ረጅም ብረት ድምፁን ይዞት ይሄዳል፤ ይቺ ግን ጠቅ ብላ ዝም አለች። ደገመው። እናቴ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ብረቱን ነው የገጠመው?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥሩ» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በበጋው፣ አንድ እሁድ፣ እነዚያኑ ብረቶች ከጎረቤት ጓሮ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ ለእናቴ የልብስ ማስጫ ምሰሶ አድርጎ ተከላቸው። እሷም ያንኑ ቀን ልብስ አሰጣችበት፣ በሁለቱ መካከል ነገሩ በዚሁ አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም፤ ከዚያ ወዲያ አባቴ «አንቺን ነው የምጠይቀው» ብሎኝ አያውቅም፣ ይህም ከዱላ በላይ አመመኝ።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ያለውን ሻወር ቤቴን እያሳደስኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጣውን አባቴን ይዤ ቧንቧ ልመርጥ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ብረት ተደርድሮ ሲያይ ቆመ፣ ቁልፉን አውጥቶ አንዱን አንኳኳ፣ ድምፁ እየተሳበ ሄደ።

«የቱ ይሁንልሽ?» አለኝ።

«ፕላስቲኩ» አልኩት። «አባባ፣ ያኔም የገባው ፕላስቲክ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ከአፍሽ እስክሰማው እየጠበቅኩ ነበር።»

ያኔ የፈራሁት ቁጣውን ነበር፤ አሁን ግን ቁልፉን ኪሱ ለመክተት ሁለቴ ሲስት አይቼ ማርጀቱ ታወቀኝ፣ ሳልነግረው ብቀር ኖሮ ብዬም ደነገጥኩ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አምጥቶ ፊታችን ዘረጋ። አባቴ አገላብጦ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ፕላስቲክ አላውቅም» አለ፤ «አንቺን ነው የምጠይቀው።»