ሦስት ዓመት ክብሪት የተጫረለት ልብ

ሚስቴ ዘነበች ልቧን ታማ ሳለ፣ በአካባቢያችን ያለ አንድ የጤና ተቋም "የሚጥል በሽታ" ብሎ ጻፈባትና ሦስት ዓመት ሙሉ የማይመለከታትን ኪኒን አስዋጣት። በደሉ ይኸው ነው። ኪኒኑ ከማደንዘዝ በቀር የረዳት ነገር የለም፤ መውደቋም አልቀረም። የማርያም ማኅበርተኞቿ ደግሞ በሽታው ይጋባል ብለው ጽዋዋን ለዩባት። እሷ የምትጠጣበት ኩባያ ለብቻው ተቀመጠ። ሃያ ዓመት አብረዋት የጠጡ ሴቶች ናቸው እንግዲህ።

መጋቢት ላይ፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቷል በተባለ በሦስተኛው ቀን፣ ጠንከር ያለ ኪኒን ላስጽፍላት አዲስ አበባ ወዳለ የነርቭ ሐኪም ይዣት ተነሣሁ።

ከቀወት እስከ ሸዋ ሮቢት

ከቤት የወጣነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማሽላው ከታጨደ ቆይቷል፤ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ ጀምሮ ይወብቃል። የባጃጁ ልጅ ለሁለታችን መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀኝ።

"ምነው፣ በሬ ልትሸጥልኝ ነው?" አልኩት።

"ቤንዚን የለማ ጋሼ!"

ቤንዚኑ የት እንደገባ ከመነኸሪያው እንደወጣን አየሁት። ለአዲስ አበባ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሾፌሩ ለደብረ ሲና ባጃጆች የሚሸጠውን ሁለት ጀሪካን እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር ሥር ሸጉጦታል።

ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና

አርማንያ የምትባለውን ከተማ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ዘነበች "ጨለመብኝ" አለችና ትከሻዬ ላይ ዘፍ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ዓይኗ ተገለበጠ።

"ክብሪት! ኧረ ክብሪት ጫሩላት!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ክብሪት ከኪሴ ተለይቶኝ አያውቅም። በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጢሱን ያሸትቱታል፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ አይተናል። አንዷን እንጨት አውጥቼ ልጭር ስል ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

"ጋሼ! እንዳትጭር! ቤንዚን ላይ ነው የተቀመጥከው!"

"ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው!"

"እሷ አንድ ናት፣ እኛ አሥራ ስድስት ነን!"

"ማን ጫን አለህ? ለብር ብለህ በቁማችን ልታነደን!" ብላ ሴትዮዋ ጮኸችበት።

መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። እጄ አየር ላይ እንደቀረ ዘነበች ዓይኗን ገለጠች።

"ምን ሆናችሁ ነው የምትጮኹት?" አለች።

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ የካራቆሬ ሽማግሌ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥለው እጄ ላይ ያለችውን ክብሪት አዩ።

"ሳትጭር ተነሣች'ኮ።"

"አዎ።"

"ስንት ጊዜ ጭረህላታል?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ።"

"አንድ ቀን እንኳ ሳትጭር ጠብቀህ አይተሃል?"

ሚስቱ ወድቃ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ማን አለ? ነገሩ ግን ሆዴ ገባ። ያኔ የጤና ባለሙያው "በምን ትነቃለች?" ሲለኝ "በክብሪት" ነበር ያልኩት። "እንግዲያማ የሚጥል ነው" ብሎ ጻፈ፤ እጇን እንኳ አልዳሰሰም። እኔ በድንቁርናዬ፣ እሱ በዲግሪው፣ አንድ ቦታ ተገናኘን።

ደብረ ሲና ላይ ጀሪካኑ ወረደ። የሃያ ብር የገብስ ቆሎ ገዛን። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የቆላ ልብሳችን ለዚያ ብርድ አይሆንም፤ ዘነበች በነጠላዋ ተጠቅልላ ተንቀጠቀጠች። ደብረ ብርሃን ሽሮ በልተን አዲስ አበባ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሆስፒታል

ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የሕክምና ካርዷ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቆጥሬም የሚስቴን በሽታ ማንበብ አልቻልኩም። የነርቭ ሐኪሟ፣ አንዲት ወጣት ዶክተር፣ አንብባ ስትጨርስ "ስትወድቅ ምን ታደርጋላችሁ፣ አባባ?" አለችኝ። የሚኒባሱን ጉድ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። የዘነበችን አንጓ ይዛ ሰዓቷን ማየት ጀመረች፤ ብዙ ቆየች።

"የነርቭ አይደለም" አለች። "ልቧ ነው።"

በዚያው ቀን ደረቷ ላይ ሽቦ አጣብቀው የልብ ምቷን ወረቀት ላይ አወጡት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

"የላይኛው የልብ ክፍል ያዛል፤ ትእዛዙ ግን ታች አይደርስም። ታችኛው በራሱ ጊዜ እያዘገመ ይመታል፤ አንዳንዴም ይቆማል" አለችኝ።

የወረዳችንን አሠራር የምታስረዳኝ መሰለኝ።

"መድኃኒቱስ?"

"ኪኒን አይሆንም። ባትሪ ያለው ትንሽ መሣሪያ ከቆዳዋ ሥር ይቀበራል፤ ልቧን እሱ ያስመታዋል። አሁን እጃችን ላይ የለም። የሚመጣው ከውጭ በእርዳታ ነው፤ ተራ አለ።"

"መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም፣ አባባ። አልዋሽዎትም።"

የሬዲዮ ባትሪ ሸዋ ሮቢት የትኛውም ሱቅ ይሸጣል። የሰው ልብ ባትሪ ግን የማናውቀው ፈረንጅ እስኪያዝንልን ይጠበቃል! አምስት ሳምንት ተኛች። ፋሲካንም እዚያው ዋልን። አጠገቧ የተኛች አንዲት የአርሲ ሴት ያንኑ መሣሪያ ትጠብቅ ነበር፤ "ማን ይቀድም ይሆን" እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። አንድ ጠዋት አልጋዋ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበት አገኘሁት። ዘነበች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "ተራዬ ቀረበ" አለችኝ። የትኛው ተራ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መሣሪያው መጣ። ሥራው አንድ ቅዳሴ ያህል እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።

ቁልቁል ወደ ቤት

ጣርማ በርን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ተቀበለን። ማኅበርተኞቿ ግን አልተቀበሏትም። የማኅበሩ ሙሴ፣ የሴቶቹ አለቃ ማለት ናቸው፣ "የጻፈው ጤና ተቋሙ ነው፤ እሱው ይሰርዘው" አሉ። በማግስቱ ሄድኩ። ያው ባለሙያ ተቀምጧል።

"ያ የልብ ምት የሚያነበው መሣሪያ እናንተ ጋ የለም?" አልኩት።

"አለ ጋሼ። ወረቀቱ አልቆ ነው።"

"መቼ አለቀ?"

"እኔ ከመመደቤ በፊት።"

ቁም ሳጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አሳየኝ። ላስቲኩ እንኳ በቅጡ አልተላጠም። ጥቅል ወረቀት! ሚስቴ በጥቅል ወረቀት ልትሞት ነበር። ያቺ የአርሲ ሴትስ አገሯ ላይ በምን ምክንያት ስንት ዓመት ዘግይታ ይሆን?

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ልናገር። ሰው ሲወድቅባችሁ ክብሪቱን ተዉትና አንጓውን ያዙ። ሐኪም ሳይዳስስ ሲጽፍ ካያችሁ ደግሞ እጁን ያዙት። እኔ ባለመያዜ ሦስት ዓመት ከፈለች።

"ሰርዘው" አልኩት።

"ሰነድ እኮ ነው ጋሼ፤ ዝም ብሎ አይሰረዝም።"

"ስትጽፈው ማንን አስፈቀድክ?"

ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሲያነብ ጆሮው ቀላ። ብዕሩን አነሣ።

"በአማርኛ አድርገው" አልኩት፤ "የማነበው እኔ ነኝ።"

የሚጥል በሽታ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘው። ከሥሩ "የልብ ምት ሕመም ነበረባት፤ ታክማለች" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተም መታበት፤ ቀኑንም ጨመረ፦ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.