የቴርዛ ነጭ ግድግዳ

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1971፣ ማክሰኞ። አጎቴ ሲላስ ሊድስተን ከአኻያ ቀንበጥ ይሠራው የነበረውን የሸርጣን ወጥመድ ግማሽ አድርሶ ተወው። ቋሚዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። አፉ ተሠርቷል፤ ጎኑ እስከ ወገቡ ተጠላልፏል፤ ታቹ ክፍት ነው። በዚያው ምሽት ልቡ ቆመ። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ሥራዬ የአውራጃችንን መዛግብት መጠበቅ ነውና፣ በዓይኔ ያየሁትንና ከሰው የሰማሁትን ሳልደባልቅ እጽፋለሁ።

ሲላስ ተወልዶ ያደገው በአውራጃችን በዴቨን ደቡባዊ ባሕር ዳር፣ ቴልኮምብ በምትባል የአሥራ ዘጠኝ ቤት መንደር ነው። ሸርጣን አጥማጅ ነበር፤ አባቱም አያቱም እንደዚያው። በቴልኮምብ ፊት ለፊት ከውሃው በታች የተጋደመ የዐለት ሸንተረር አለ። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ጀልባ አያሳልፍም። የመንደሩ ሰው ያንን በር በኮምፓስ ፈልጎ አያውቅም። ከባሕር ወደ ምድር ያያል፤ የቴርዛ ሂንግስተን ቤት ነጭ ግድግዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሥር ልክ ሲገጥም በሩ ላይ ነህ። ሌሎች አራት እንዲህ ያሉ ጥንድ ምልክቶች ወጥመድ ወደሚጣልባቸው ጉድጓዶች ይመራሉ። አባት ለልጁ በቃል ይነግራል እንጂ አይጻፍም፤ ለባዕድም አይነገርም።

ቴርዛ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ግድግዳዋ የሁሉም ዓይን ስለሆነ በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት አጥማጆቹ ተሰብስበው ኖራ ይቀቡላታል። እሷ ደግሞ ከታች ቆማ ትቆጣቸዋለች። «እናንተ የምትቀቡት ለእኔ ነው ወይስ ለሸርጣኑ? ጥጉን ረሳችሁት!»

በኖቬምበር 1943 ሌተና ኤንስሊ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ወደ መንደሩ መጣ። ማንም ይፋ አላደረገውም እንጂ ሁሉም ሰው ገብቶታል፤ ከባሕሩ ማዶ ጀርመኖች በያዙት ዳርቻ ላይ ትልቅ ጦር ሊወርድ ነው፤ የእኛ አሸዋ ደግሞ ያንን ዳርቻ ይመስላል። ስለዚህ ልምምዱ እዚህ ይሆናል። ኤንስሊ ውሃው ሲሸሽ እየጠበቀ የአሸዋውን ቁልቁለት በዘንግ ይለካ ነበር፤ አሸዋውንም በብልቃጥ ይዘግን ነበር። በሲላስ ጀልባ ስድስት ቀን ወጣ።

«በሩ በስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ዲግሪ አላውቅም ጌታዬ። የቴርዛ ግድግዳ ነው የእኔ ዲግሪ።»

«ታዲያ እሱን ንገረኛ። ወታደሮቼ ዐለት ላይ እንዲሰበሩ ትፈልጋለህ?»

ሲላስ አልፈለገም። የገዛ ወንድሙ፣ አባቴ፣ ያኔ በጦር መርከብ ላይ ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን አምስቱንም ጥንድ ነገረው፤ ኤንስሊም በእርሳስ ጻፈ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መንደሩ እስከ ገና ተለቅቆ እንዲያልቅ ታዘዘ። ዲሴምበር 1 ቀን ሰዉ በትምህርት ቤቱ ተሰበሰበ። ከስብሰባው በፊት ሲላስ ኤንስሊን በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዘው። ይህን ሲላስ ራሱ ነግሮኛል፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቃሉ ተለዋውጦ አያውቅም።

«ግድግዳውና ማማው አይነኩም?»

«አይነኩም።»

«እጅህን ስጠኝ።»

ሰጠው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ሰምቻለሁ።

«እኔ የትም አልሄድም» አለች ቴርዛ። «ባሌ እዚህ ነው። ዶሮዎቼም እዚህ ናቸው።»

«ዶሮዎቹን ይዘሽ ሂጂ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ባሌንስ? በቅርጫት?»

ሰዉ ሳቀ። ያኔ ሲላስ ተነሣ። ሰው ፊት መናገር የማይወድ ሰው ነበር፤ ቆቡን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ፣ «የሰውየውን እጅ ጨብጫለሁ» አለ። «ግድግዳው ይቆማል፤ ማማውም ይቆማል። የድርቆሽ ሣር ሳይታጨድ ቤታችን እንገባለን። ቴርዛ፣ ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።»

ቴርዛ «በአንተ ይሁን?» አለች፤ ከዚያ ተነሥታ ዕቃዋን ልትጠቀልል ወጣች። ሌሎቹም እሷን ተከተሉ።

እንዴት እንዳመነ ሰው ይጠይቀኛል። ሞኝ አልነበረም። በእኛ ዳርቻ አንድ አጥማጅ የጠላቱን መረብ ሊቆርጥ ይችላል፤ ምልክት ግን አይነካም። መንገድ የሚያሳይህን ነገር የሚያፈርስ ባሕርተኛ አልታየም። ኤንስሊ የባሕር ሰው ነው፤ ስለዚህ አይነካም። ሲላስ ያሰበው ይህን ብቻ ነው።

ያንን ክረምት በዐሥር ማይል ርቀት፣ በአንድ ገበሬ የእህል ጎተራ አጠገብ አሳለፍነው። በፀደይ መድፉ ይሰማን ጀመር። መስኮቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሲላስ፣ «ወደ ባሕር ነው የሚተኩሱት» ይል ነበር። በጁን ጦሩ ተሻገረ፤ ደወል ተደወለ፤ ሲላስም እንደ ሁሉም ሰው አለቀሰ።

ቴልኮምብ የተመለስነው በዲሴምበር 1944 ነው። የቴርዛ ግድግዳ እስከ ጉልበት ወርዶ ነበር። ማማው ግማሹ የለም። ከአምስቱ ጥንድ አንዱም አልቀረም፤ ከምልክቶቹ አንዱ የነበረው፣ ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ እንኳ ከሥሩ ተገንድሏል። የሚገርመው፣ ምልክት ያልሆኑት ቤቶች አብዛኞቹ መስኮታቸው ብቻ ነው የረገፈው። በዚያ ሳምንት ሁለት ጀልባ በሩን ሲፈልግ ዐለቱ ላይ ተሰበረ። ሰው አልሞተም። እስከ ፀደይ ድረስ ግን አጥማጆቹ ተበትነው በአቅራቢያው ባለ ከተማ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ቴርዛ ቤቷ አልተሠራላትምና እዚያው ከተማ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያ ተሰጣት። ሲላስም ከእሷ ሁለት ጎዳና ርቆ ቤት ያዘ። ለሃያ ስድስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንኳ አላናገረችውም።

እሱ የያዘው አንድ ነገር ነበር፦ ኤንስሊ አልዋሸም። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» ይል ነበር። «ሰውየው ከልቡ ነው እጁን የሰጠኝ። ያ እውነት ከሆነ እኔም አልዋሸኋትም።» ይህንን ቴርዛ አንድ ቀን ታምናለች ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ ሣጥን ወረቀት ወደ ቤተ መዛግብታችን ገባ። በውስጡ በታይፕ የተጻፈ ዝርዝር አገኘሁ። ርእሱ «የመድፍ ማነጣጠሪያ ነጥቦች» ይላል። ከሥሩ አምስቱ ጥንድ በሲላስ አነጋገር ተዘርዝረዋል፤ የመጀመሪያው «የመበለቲቱ ነጭ ግድግዳ፣ ከማማው ሥር» ነው። ከባሕር በደንብ ስለሚታዩ ለተኳሾች ምቹ ናቸው ይላል። ፊርማው የኤንስሊ ነው፤ ከሦስት ደብዳቤዎቹ ጋር አስተያይቻለሁ። ቀኑ ኖቬምበር 26፣ 1943። እጁን ከሰጠው አምስት ቀን በፊት።

ለሲላስ ልንገረው አልንገረው ብዬ ስድስት ቀን አመነታሁ። መዝገብ ይዤ መዋሸት አልቻልኩም። ወሰድኩለት።

«ቀኑን አንብቢልኝ» አለ።

አነበብኩለት።

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ።

«እንግዲህ እጄን ሲይዝ ያውቅ ነበር።»

«ያውቅ ነበር፣ አጎቴ።»

«ሂጂ በይ፣ አውቶቡስ ያመልጥሻል» አለኝ። አውቶቡሱ ሊመጣ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።

በማግስቱ ወደ ቴርዛ ሄደ። የተባባሉትን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከቀብሩ በኋላ።

«ቴርዛ፣ ዋሽቶኛል» አላት በር ላይ ቆሞ። «ከመጀመሪያው ዋሽቶኛል።»

«እሱንማ ግድግዳዬን ያየሁ ቀን አውቄዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀብህ ይህ ነው?»

«ታዲያ ለምን አኮረፍሽኝ? እኔም እኮ ተታልያለሁ።»

«አንተ ያን ሰውዬ በጀልባህ ይዘህ ስትዞር፣ ግድግዳው የማን ነበር?»

«ያንቺ።»

«ጠየቅኸኝ?»

ሲላስ ቆቡን አወለቀ።

«ኖራ ስትቀቡልኝ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት ግድግዳው የእኔ መሆኑን የምታውቁ መስሎኝ ነው። እሱ አንተን ሸጠህ፤ አንተ ደግሞ እኔን። ዕቃዬን ስጠቀልል እንኳ ምን እንደነገርከው አልነገርከኝም።»

«መጠየቅ ነበረብኝ» አላት። ሌላ ያለው ነገር የለም። እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ እኔንም እንዳልጨምርበት አስጠንቅቃኛለች። በሩን ልትዘጋ ስትል ግን ወደ ውስጥ ተመለሰችና ተረከዛቸው ያለቀ ጥቁር ጫማዎች አምጥታ ሰጠችው።

«በጫማ ሰፊው በኩል ማለፍህ አይቀርም። ይህንን ስጥልኝ። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ብሏል።»

ጫማ ሰፊው ማክሰኞ ይደርሳል አለ፤ የሱቁን ነገር የነገረኝም እሱ ነው። ማርች 9 ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲላስ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር። ጫማዎቹን አገላብጦ አየ፤ የግራው ተረከዝ ትንሽ ከፍ ይላል ብሎ ሰውየውን አስሞረደው። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ዳገቱን ወጣ። ቴርዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁለቱንም እግሯን አስገባች፤ እስከ አጥሩ ሄዳ ተመለሰች።

«ልክ ነው» አለች፤ ግባ ግን አላለችውም። እሱም ቆቡን ነካ አድርጎ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ወረደ።